ያልተሰደበው ተጫዋች

በጨዋታ ቀን መቐለ ሮማናት አደባባይ አካባቢ ካፌ የገባ ሰው አሠልጣኝ ሳይሆን አይወጣም። ሻዩን ሳያማስል ቅጣት ምቱ በየትኛው እግር መመታት እንዳለበት ያውቃል፤ በረኛው የት መቆም እንደነበረበት ያውቃል፤ ዳኛው የማን ዘመድ እንደሆነም አይጠፋውም። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ስታልፍ ፍርዱ አይዘገይም፦ «ሓወይ፣ ይሄ ልጅ እግር የለውም!» ከልጁ ቀጥሎ አሠልጣኙ፣ ከአሠልጣኙ ቀጥሎ ጫማው፣ ከጫማው ቀጥሎ ሣሩ ይሰደባል። በዚህ ሁሉ ውርጅብኝ ስሙ የማይነሳ አንድ ተሰላፊ ግን አለ፤ አየር።

መቐለ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሯ ከምጽዋ አየር ጋር ሲተያይ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማስረጃው ተቺያችን ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ የሚጠጣው ሻይ ውኃው የፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 አካባቢ ሲሆን ነው። ሻዩን ቶሎ ያፈላው አየር ኳሷንም አይተዋትም። ኳስ የምትበረው አየር እየገፋች ነውና አየሩ ሲሳሳ የሚይዛት ታጣለች፤ ትፈጥናለች፣ ትርቃለች። እየተሽከረከረች ስትሄድ ደግሞ አየሩን ወደ አንድ ጎን ገፍታ ራሷ ወደ ሌላው ትታጠፋለች። የሚገፋ አየር ሲያንስ እጥፋቱም ያንሳል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ሮቤርቶ ካርሎስ ፈረንሳይ ላይ ያስቆጠራትን ቅጣት ምት የማያስታውስ የኳስ ወዳጅ የለም። ኳሷ ከግድግዳው ውጪ ወጥታ፣ ወደ ውስጥ ታጥፋ፣ ቋሚውን ገጭታ ገባች። ግን የመታው ሊዮን ላይ ነው፤ ከ200 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ። ያንኑ ምት መቐለ ቢመታው ኳሷ ያን ያህል ባልታጠፈች ነበር። የእኛም ካፌ ሮቤርቶ ካርሎስን «እግር የለውም» ብሎ ባሰናበተው ነበር!

የሀገራችን ሰዎች በብዛት የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከእኛ ታንሳለች። እዚያ ቤዝቦል ይጫወታሉ። አንዱ 145 ግራም ገደማ የምትመዝን ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የተወረወረች ኳስ መቺው ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም። ዴንቨር ላይ ታዲያ የወርዋሪው ኳስ አልታጠፍ አለች፤ የመቺው ኳስ ደግሞ ሜዳውን እየለቀቀች ተመልካች መሐል መውደቅ አበዛች። ሰዎቹ መሳደባቸው አይቀርም፤ ሰው ናቸው። ግን ከስድቡ በኋላ ቁጭ ብለው መረመሩ። ከአየሩ መሳሳት ሌላ፣ የአገሩ ድርቀት ኳሱን አድርቆ እንደሚያነጥረው ደረሱበት። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኳሶቹን እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ያስቀምጣሉ። እነሱ ኳሱን ክፍል አስገቡ፤ እኛ ተጫዋቹን ከቡድን እናስወጣለን።

የእኛው ጉዳይ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሊጉ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ሲካሄድ፣ መቐለ ላይ የተለማመደ ልጅ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወርዶ ይጫወታል። የድሬ ሙቀት አየሩን ጥቂት ቢያሳሳውም ከመቐለው ወፈር ያለ ነው። እዚህ መቐለ ክንፍ ላይ ያለው ጓደኛው እግር ሥር ትወርድ የነበረች ረጅም ኳስ እዚያ አጥራ ተከላካይ ደረት ላይ ታርፋለች። ካፌው ወዲያው ይፈርዳል፦ «ጉልበት የለውም!» ያው ልጅ መቐለ ላይ ኳሷን አግዳሚውን ሲያሳልፋት «ጉልበት ብቻ!» ተብሎ ነበር። እግሩ ያው ነው፤ ስድቡ ግን እንደ ከፍታው ይለዋወጣል።

ምስጋናም ላይ ያው ነን። በ2011 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ «አየሩ ረድቶናል» ያለ አልሰማሁም። ድል ሲሆን «እኔ ብዬ ነበር» ባዩ ብዙ ነው፤ ሽንፈት ሲሆን ጥፋቱ የልጁ እግር ነው። በገና ጨዋታ ጌታ እንኳ አይቆጣም የሚለው የአባቶች ወግ ለዱላና ለሩር ብቻ የተነገረ መስሎን ይሆናል።

ወገኖቼ፣ የሚቀጥለው ቅጣት ምት ወደ ሰማይ ሲወጣ ስድብ ከመወርወራችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ጨዋታው በየትኛው ከተማ ነው? ኳሷስ እየተሽከረከረች ነበር? ከዚያም በኋላ ጥፋቱ የልጁ ሆኖ ከተገኘ፣ ብዙ ጊዜም ይገኛል፣ ይሰደብ። ግን የድርሻውን ብቻ፤ የአየሩን ድርሻ ለአየሩ ተዉለት።