የብር ጥጃና የሸክላ ቤት

አሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ ሄዶ ፍርስራሽ ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው ካለ፣ ከአክስቴ ጋር አልሄደም ማለት ነው።

ነገሩን የጀመረው ልጇ ነው። «ሰፈራችን አጠገብ ከ3,500 ዓመት በላይ የሆነው የብር ጥጃ እያለ አንተ ሐይፋ ቁጭ ብለህ መርከብ ትቆጥራለህ» እያለ በስልክ ሲነዘንዘኝ ከረመ። የስግድ በዓል ባለፈ በመጀመሪያው ዓርብ በጠዋት ባቡር ወረድኩ። ውላችን በመኪናው ደርሰን፣ ጥጃዋን አይተን፣ ለምሳ ልንመለስ ነበር። አክስቴ ግን የሽርሽር ወሬ ስትሰማ ጀበናዋን አወረደች። ሲኒው፣ ረከቦቱ፣ ከሰሉ፣ ማራገቢያው፣ በነጠላ የተጠቀለለ ዳቦ፣ ሙቀጫ ሳይቀር።

«እቴቴ፣ እኛ እኮ ቶሎ ነው የምንመለሰው» አልኳት።

«ቶሎ የሚመለስ ሰው ቡና አይጠጣም ያለህ ማነው?»

እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል በ36 ሰዓት ውስጥ ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ፣ ጀበናዋን አዲስ አበባ ትታ ነው አውሮፕላን የገባችው። ከዚያ ወዲህ ያለ ጀበና ከቤት አትወጣም። ጭነን ስንጨርስ ቀትር ሆነ። ኅዳር ላይ እዚህ አገር ፀሐይ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ፓርኩም ዓርብ ዓርብ ቀደም ብሎ ነው የሚዘጋው።

ቦታው በመጽሐፍ አስቀሎና የምትባለው ናት። ሶምሶን የእንቆቅልሽ ዕዳውን ለመክፈል ሠላሳ ሰው ገድሎ ልብሳቸውን የገፈፈባት፣ ዳዊትም የሳኦልንና የዮናታንን ሞት እንዳትሰማ የለመነባት የፍልስጥኤማውያን ከተማ። እኛን የተቀበለን ግን የሥጋ ጥብስ ጭስ ነው። ሣሩ ላይ በየቦታው ጠረጴዛ አለ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ማንጋሉን፣ የጥብስ ምድጃውን፣ አቀጣጥሏል፤ የሮማውያን ዓምድ ሥር የሕፃን ጋሪ ቆሟል። እውነቱን ለመናገር፣ በገመድ ታጥሮ ከሩቅ ከሚታይ ቅርስ እንዲህ ያለው ይሻለኛል። አክስቴ ከመኪና ወርዳ መጀመሪያ የፈለገችው ዓምድ አልነበረም፤ ሚጉኒት፣ የሮኬት መጠለያው፣ የት እንዳለ ነው። ጋዛ ቅርብ ናት፤ በዚህ ከተማ ሳይረን ከጮኸ መጠለያ ለመግባት ያለህ 30 ሰከንድ ነው። ርቀቱን በዓይኗ ለክታ ካበቃች በኋላ «ደህና፣ አሁን ጥጃችሁን አሳዩኝ» አለች።

ከተማዋን ከነዓናውያን በአፈር ግንብ ከበዋታል፤ ግንቡ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ሁለቱ ጫፎቹ ባሕሩ ላይ ያርፋሉ። በሰሜን በኩል በሩ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1850 ገደማ በጭቃ ጡብ የተሠራ ቅስት በር ነው፤ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ቅስት በሮች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ። እኔ ፎቶ ሳነሳ አክስቴ ከሥሩ የወደቀች የጭቃ ፍርፋሪ አንስታ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ማሸት ጀመረች። በልጅነቷ ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ መንደር ሸክላ ሠርታ ጎንደር ገበያ የሸጠች ሴት ናት። አሸችው፣ አሸተተችው፣ መልሳ አሸችው።

«ጭቃው ደህና ነው። ጭዱ ግን አንሶታል» ብላ ፈረደች። ቀና ብላ ቅስቱን አየችና፣ «ቢሆንም ቆሟል፤ ምን ይባላል።»

ጥጃዋ ግን የለችም። እ.ኤ.አ. በ1990 የሃርቫርዱ ሎውረንስ ስቴገር የመራው ቡድን እዚሁ በሩ አጠገብ ካለ መቅደስ ነበር ያገኛት፤ ከነሐስ የተሠራች፣ በብር የተለበጠች፣ ቁመቷ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ከወጣች በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ እስራኤል ሙዚየም ሄዳለች። ልጁ ይህን ከሰሌዳው ላይ ከእኛ ጋር እኩል ነው ያነበበው። «ቦታው ግን ይኸው ነው» አለ፣ ምንም ሳያፍር። ሰሌዳውን ስተረጉምላት አክስቴ ጥጃዋን አልፋ ሌላ ነገር ያዘች፦ ጥጃዋ የተገኘችው በር ያላት ትንሽ የሸክላ ቤት ውስጥ ነበር።

«ሸክላ? ሳትሰበር?»

«ቤቷም ተገኝቷል ነው የሚለው።»

«ታዲያ ስለ ብሩ ብቻ ምን ያወራችኋል?»

ከዚያ ወዲህ የምነግራት ሁሉ አልጥም አላት። አዳኝ ውሾች ይሁኑ የተቀደሱ በውል ያልታወቁ፣ ከሺህ በላይ ውሾች፣ አብዛኞቹ ቡችሎች፣ በፋርስ ዘመን አንድ በአንድ እዚህ እንደተቀበሩ ነገርኳት፤ ዝም። ያነቃት የሌዲ ሄስተር ስታንሆፕ ወሬ ነው። እኚህ እንግሊዛዊት ወይዘሮ እ.ኤ.አ. በ1815 በቱርኮች ፈቃድ የተቀበረ ወርቅ ሊያወጡ መጥተው፣ ጭንቅላት የሌለው ትልቅ የእብነ በረድ ሐውልት አገኙ። ሐውልት ዘርፋ ወደ አገሯ ልትወስድ ነው እንዳይባሉ እንዲሰባበር አዘዙ። ወርቁም አልተገኘም። «እብድ ናት» አለች አክስቴ፤ «ወርቅ ብታጣ ድንጋዩ ምን አደረጋት?»

ቡናውን ከባሕሩ ዳር፣ የሮማውያን ዓምዶች በግንቡ ውስጥ ከተጋደሙበት አቅራቢያ ልታፈላ ቆረጠች። ዓምዶቹ ከግንቡ እንደ መድፍ አፍ ወጥተው ባሕሩን ያያሉ። ነፋሱ ከሰሉን ሦስት እርምጃ በተነው። ልጁ በጃኬቱ ጋረደ፣ እኔ በጀርባዬ ጋረድኩ፤ አቦሉ ሲወርድ ጥበቃው መዝጊያ ሰዓት መድረሱን እየጮኸ መጣ። ራሺያኛ አነጋገር ያለው ሽማግሌ ነው። አክስቴ በቁሙ ሲኒ አስጨበጠችው። በአቦል ብቻ መነሳት ነውር መሆኑን በተሰባበረ ዕብራይስጥ አስረዳችው፤ እሱም በተሰባበረ ዕብራይስጥ ተቀበለ። ቶናውን ጠጣ። በረካውንም ጠጣ። ስኳር ጨመረ።

መኪናዋ አልነሳም አለች። ልጁ እኛ ቶናና በረካ ስንጠብቅ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ ባትሪውን ጨርሶታል። ፀሐይ ደግሞ ወደ ውኃው እየወረደች ነው። አክስቴ ዘንድ ሰንበት ቀን ብቻ አይደለችም፤ በቤተ እስራኤል መጽሐፍ በተእዛዘ ሰንበት እንደተጻፈው ሴት ናት፤ ለአክስቴ ደግሞ እንግዳ ናት፣ ሳትቀበላት ውጭ ብታገኝህ ትቀየማለች። «ሰንበት ከገባች መኪና አልገባም፤ በእግሬ ነው» አለችና ነጠላዋን አጣፋች። ከሰሉን በውኃ አጠፋች፣ ፍሙን በእንጨት ገልብጣ ደግማ አጠፋች።

ያዳነን ሽማግሌው ነው። ሽቦ አምጥቶ መኪናውን ከመኪናችን አገናኘ፤ አስነሳት። ቤት ስንደርስ ፀሐይ ከጣራው በላይ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ልጁ ሞተሩን ሊያጠፋ ፈራ፤ እሷ ግን ዘንቢሏን ይዛ ደረጃውን ወጥታለች።

ቅዳሜ ማታ ጎረቤት ሲሰበሰብ ስለ በሩም ስለ ጥጃዋም አላወራችም። የሸክላ ቤት፣ በር ያላት፣ እያለች በእጇ መጠኗን ታሳያለች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

«ኢየሩሳሌም ትወስደኛለህ። ሐሙስ። በአውቶቡስ።»