ሆድ ስለማርጠብ፦ በአሸዋ ላይ የሚኖሩ ባለትዳሮችን የሚመለከት ጥናት

የውሃ ዳር ወፎችን የቤት አሠራር በሚመለከት አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ቤት የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ፕሎቨር የሚባለው ወገን ደረቱን አሸዋ ላይ አስደግፎ በእግሩ ወደ ኋላ እየጫረ ይሽከረከራል፤ መዳፍ የምታህል ጎድጓዳ ስትወጣ ግንባታው ተጠናቀቀ ማለት ነው። ጣሪያ የለም፣ ግድግዳ የለም፤ ጠጠርና ሣር ጣል ጣል ቢደረግም ለወጉ ያህል ነው። ወንዱ በአንድ አይወሰንም። ብዙ ቦታ ይጭርና ሴቷን ያስመርጣል። ለተመልካች ዓይን ሁሉም አንድ ናቸው፤ ምርጫው ግን ጊዜ ይወስዳል።

የልጅ አስተዳደጋቸው በአራት ፈርጅ ይከፈላል።

አንደኛው «አባት የለሽ» ነው። ራፍ የተባለው ወፍ በሰሜን አውሮፓና እስያ በሚራባበት ወራት ተባዕቱ የአንገት ላባውን ነፍቶ ከአቻዎቹ ጋር ሜዳ ላይ ሲንጎራደድ ይከርማል፤ እንቁላሉንም ጫጩቱንም የምታየው እናት ብቻ ናት። ብርዱን ሽሽት ወደ እኛ ሐይቆች ሲወርድ ያ ሁሉ ላባ ረግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ምንም እንዳላጠፋ ጭቃ ሲለቅም ይውላል።

ሁለተኛው «እናት የለሽ» ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በውሃ ላይ ባለ ቅጠል ላይ የሚራመደውን ጃካና እንቁላሉን የሚታቀፈው ራሱ አባትየው ነው፤ እናትየዋ በአካል ትበልጠዋለች፣ ሌሎች ባሎችም አሏት። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን በክንፎቹ ሥር ሸጉጦ ይነሣል፤ እግሮቻቸው ግን ረጃጅም ስለሆኑ ወደ ውጭ ይንጠለጠላሉ። ስለዚህ በሩቁ ለሚያይ ሰው ባለ ብዙ እግር ወፍ ይመስላል። ቅሬታ ሲያሰማ አልተገኘም፤ ለማንስ ያሰማል?

ሦስተኛው «ሒሳብ ለየብቻ» ነው። የቴሚንክ ስቲንት የምትባለው ሚጢጢ ወፍ አንዱን ጎጆ ለባሏ ታስረክብና ሁለተኛውን ራሷ ትታቀፋለች። ጭቅጭቅ የለም፤ ፈርጁም በዚሁ ይዘጋል።

አራተኛው «አብሮ አሳዳጊ» ሲሆን ሦስት ንዑስ ክፍል አለው፦ (ሀ) አብሮ የሚጮኽ፣ ላምንም ውሻንም ተመራማሪንም ሳይለይ የሚያባርር፤ (ለ) ክንፉ የተሰበረ መስሎ እየተንፏቀቀ ጠላትን ከጎጆው የሚያርቅ፤ (ሐ) ሆዱን የሚያረጥብ። ቀሪው ጥናት የ(ሐ) ነው።

የ(ሐ) መኖሪያ ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ፣ ውሃው ሲጎድል ብቅ የሚል የአሸዋ ደለል ነው። ወፉ የግብፅ ፕሎቨር ወይም የአዞ ወፍ ይባላል፤ ጀርባው ግራጫ፣ ሆዱ ብርቱካንማ ነው። ቶማስ ሃውል የተባለ አሜሪካዊ የወፍ ተመራማሪ እዚያው ጋምቤላ ተቀምጦ ያጠናውን በ1979 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። እንቁላሎቹ በአሸዋ ይቀበራሉ። ፀሐይዋ ስትከር አሸዋው እንዳይቀቅላቸው ያሰጋል፤ በዚህ ጊዜ አንደኛው ወላጅ ወደ ውሃው ይሮጣል፣ የሆዱን ላባ ይነክራል፣ ተመልሶ ከተቀበሩት በላይ ይቀመጣል። ቀጥሎ የሌላኛው ተራ ነው። ሙቀቱ ሲብስ ምልልሱም ይበዛል።

ሆድ ማርጠብ አራት ደረጃዎች አሉት፦ መሄድ፣ መንከር፣ መመለስ፣ መቀመጥ። መሄድ ብዙ አያነጋግርም። መንከር ግን ራሱ በሁለት ይከፈላል፦ ከልብ መንከርና የይድረስ ይድረስ መንከር። ሁለተኛው በባሮ ወፍ ዘንድ አልታየም። ለምሉዕነት ያህል የተጨመረው፣ ዕቃ እጠብ ሲባል የሳህኑን ፊት ብቻ አስነክቶ ጀርባውን ከነቅባቱ ከሚደረድር ሌላ ፍጡር ተወስዶ ነው። የፍጡሩን ስም መጥቀስ ለትዳሩ አይበጅም።

መመለስን በተመለከተ አንድ ያልተፈታ ችግር አለ፦ ማን ነው ብዙ የተመላለሰው? ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለዩም። ዳር ቆሞ የሚያይ ሽማግሌ «ዛሬ አንተ ሦስቴ፣ እርሷ አምስቴ» ብሎ መፍረድ አይችልም። ይህ ለቤቱ ሰላም ያበረከተው አስተዋጽኦ በተለየ ጥራዝ ሊጠና ይገባዋል።

«የአዞ ወፍ» ወደሚለው ስም ስንመጣ፣ የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን፣ አዞ አፉን ሲከፍት አንዲት ወፍ ገብታ አልቅቱን ትለቅምለታለች ብሎ ጻፈ። ብዙዎች ያቺ ወፍ ይህቺው ናት አሉ፤ እስከ ዛሬ የታመነ ማስረጃ አልቀረበም። እንግዲህ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የተማረው ዓለም አዞ አፍ ውስጥ ሲፈልጋት፣ ወፏ ከአሸዋ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ አሸዋ እየተመላለሰች ሆዷን ታረጥብ ነበር። ያልሠራችው ሥራ ስም አወጣላት፤ የሠራችውን የጠየቃት የለም። ይህ ጸሐፊ በጉዳዩ ገለልተኛ ነው፤ ቢሆንም ያበሽቃል።

አምስተኛ ፈርጅ ሆኖ ሊቀርብ የታሰበው የጫጩቶቹ ነበር። አደጋ ሲመጣ ጫጩቱ ጎድጓዳ ቦታ፣ አንዳንዴም የጉማሬ ኮቴ በተወው ጉድጓድ ውስጥ ድፍት ይላል፤ ወላጁ በመንቆሩ አሸዋ እያነሣ ይቀብረዋል። ከዚያ ያው እርጥብ ሆድ ይመጣል። ሮጦ ማምለጥ የሚችል፣ ሳምንታት ያስቆጠረ ልጅ ሳይቀር ይቀበራል፤ ከተፈለፈለ ወዲህ ማደጉን ማንም የነገራቸው አይመስልም። በዕቅዱ መሠረት ጫጩቶቹ «የተቀበረና የረጠበ»፣ «የተቀበረና ገና ያልረጠበ» ተብለው ሊመዘገቡ ነበር። ሆኖም የት የት እንደተቀበሩ የሚያውቁት ወላጆቻቸው ብቻ ናቸው፤ እግርን የት ማሳረፍ እንደሚቻልም አይታወቅም። ስለዚህ ምደባው ተሰርዞ ተመራማሪው በመጣበት ዱካ፣ አንድ በአንድ እየረገጠ፣ ከደለሉ እንዲወርድ ተወስኗል።