ለአባ ጭቃ ጭራ ሻምፑ አልልክም

ይድረስ ኮልፌ ቀራንዮ ለምትገኙት ለእማዬ፣ ለጋሼ፣ ለእትዬና ለመላው ቤተሰብ። ጋሼ፣ ለጥምቀት የፈረሳችን የአባ ጭቃ ጭራ መንጣት አለበትና ከለንደን የፈረንጅ የፈረስ ሻምፑ ላክ ያሉት ትእዛዝ ደርሶኛል። አልልክም። ስስት እንዳይመስልዎ፤ የግራጫ ፈረስ ጭራ የሚነጣው በሚታጠብበት ሳይሆን በሚተኛበት ነው ብዬ ስለማምን ነው፤ ማስረጃዬንም ይስሙኝ።

መጀመሪያ፣ ጋሼ ዛሬም ድረስ «ጥቁር ፈረስ ሸጦልኝ ነጭ ሆነብኝ» እያሉ የሚያሙትን ሻጭ ይቅር ይበሉት። ግራጫ ፈረስ ጥቁር ወይም ዳማ ሆኖ ይወለድና ዕድሜው በገፋ ቁጥር ይነጣል፤ ለዚህ ምክንያት የሆነውን የዘር ለውጥ በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርገውታል። (እኔም ከቦሌ የተነሣሁት በጥቁር ፀጉር ነበር፤ ማንም ግን ተታለልሁ አላለም።) ቀለሙን ያጣ ፀጉር የነካውን ሁሉ ያሳብቃል፤ ሽንት፣ ፋንድያ፣ የሰፈራችን ጭቃ አይቀረውም። የዳማ ፈረስ ጭራም ያንኑ ያህል ይቆሽሻል፣ አይታይም እንጂ። ከዚህም በላይ የጭራ ፀጉር በወር የሚያድገው 2 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ጭራው 1 ሜትር ከሆነ ጫፉ የ4 ዓመት ዕድሜ አለው ማለት ነው። ያ ቢጫ እንግዲህ የትናንት እድፍ አይደለም፤ አባ ጭቃ አራት ክረምት ሙሉ በሽንት ላይ የተኛበት መዝገብ ነው። እሱን ጥር 10 ማታ በአንድ ባልዲ ውሃ አስለቅቃለሁ ማለት፣ ጋሼ፣ ዐቢይ ጾምን በስቅለት ዕለት ብቻ እንደ መጾም ነው። የቫዮሊን ደጋን የሚሠሩ ሰዎች ከባዝራ ይልቅ የወንድ ፈረስ ጭራ ይመርጣሉ፤ ባዝራ ስትሸና ጭራዋን ታርሳለችና። አባ ጭቃ ወንድ ሆኖ ሳለ ጭራው የባዝራ ከመሰለ ጥፋቱ የተፈጥሮ አይደለም፤ የጋጣው፣ ማለትም የባልደራሱ፣ ማለትም የማን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

«ፈረንጅ ግን ያነጣዋል» ይሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ጋሼ ራሳቸው እዚህ የፈረስ ዕቃ መሸጫ ገቡ እንበል። ባርኔጣቸውን አውልቀው የጭራ ሳሙና ይጠይቃሉ። ሻጯ የአባ ጭቃ ቆዳ ደረቅ ነው፣ ወዛም ነው፣ ወይስ ቶሎ የሚቆጣ? ትላለች። ጋሼ የሚያውቁት ፈረሱ ራሱ ቶሎ እንደሚቆጣ ነው። ሐምራዊ ሻምፑ ታቀርባለች። «ነጭ ነው ያልሁት» ይላሉ። ሐምራዊ ቢጫን እንደሚያጠፋ ታስረዳለች፤ እውነቷን ነው፣ እትዬ ነጠላ ሲያለቀልቁ ውሃው ላይ ጠብ የሚያደርጓት ሰማያዊም ሥራዋ ይኸው ነው። እድፉን አታወጣም፣ ዓይን ትሸውዳለች። ከበዛ ደግሞ አባ ጭቃ ሐምራዊ ጭራ ይዞ ታቦት ያጅባል። ቀጥሎ ማለስለሻ ይመጣል፤ ቀጥሎ የተቋጠረ ፀጉር ማፍታቻ፤ ቀጥሎ ጭራው ተጎንጉኖ የሚያድርበት ከረጢት፤ ቀጥሎ ፈረሱ እስከ ጆሮው የሚለብሰው ፒጃማ። ጋሼ ከኮልፌ እስከ አለም ባንክ ፒጃማ ያለውን ሰው በጣታቸው ይቆጥሩና ዝም ይላሉ። በመጨረሻ ሻጯ ጭራው ሳስቶ እንደሆነ ብላ ሰው ሠራሽ ጭራ ታወጣለች፤ አሜሪካ ውስጥ በአንዳንድ የፈረስ ትርኢቶች የተፈቀደ ነው። ያኔ የእትዬ የሠርግ ዊግ ትዝ ይላቸውና ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብለው ይስቃሉ፤ ፖሊስ ካልተጠራ በቀር አይነሡም።

ከዚህ ሁሉ ዕቃ ቁም ነገር ያለው ከረጢቱ ብቻ ነው፤ ሳይቆሽሽ ስለሚከላከል። እሱም ለእኛ አይሆንም፤ ፈረስ ዝንብ የሚያባርረው በጭራው ነው፣ የሰፈራችንን ዝንብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እዚህ የንጉሡን ጥሩምባ ነፊዎች የሚሸከሙት ግራጫ ፈረሶች ጭራ የሚያምረው ፋንድያውን የሚያነሣ፣ ጭራውንም የሚያበጥር ወታደር ስላለ ነው። በዚህ አገር ፈረስ እንኳ እንዴት ዋልህ የሚለው አለው፤ እኔ ማታ በሬን ስዘጋ እናንተ ካልደወላችሁ የራሴንም ድምፅ አልሰማም። ደግሞስ የሚያበጥርልኝ ቢገኝ ምኑን ያበጥራል? በቪዲዮ ባያችሁኝ ቁጥር «ጨረቃ ወጣች» የምትሉት እናንተ አይደላችሁ?

በረኪና አለ የሚል ጎረቤት እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በረኪና ፀጉሩን ያደርቃል፣ ይሰባብራል፣ ቆዳም ያቃጥላል፤ በነጭ ጭራ ፈንታ ጉማጅ ይተርፋችኋል። እማዬ ደግሞ እንዶድ ስንት ጋቢ አንጥቶ የለም ወይ ትላለች። አንጥቷል። ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት በዚሁ በእንዶድ ምክንያት ነው፤ ጭራ ሥር ላለው ስስ ቆዳ አልደፍረውም። የቅዱስ ጊዮርጊስ አምባላይ ፈረስስ ለምትሉ፣ እሱ በሥዕል ላይ ስለሆነ ጋጣ አያድርም። ጠንካራው ተቃውሞ ግን «ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ጭራው ነጣ አልነጣ ምን ይጨምራል?» የሚለው ነው። ይጨምራል። ጭራውን የሚያቆሽሸው እርጥብ ጋጣ ሰኮናውንም ያበሰብሳል፣ የሽንቱ ሽታም ሳንባውን ይጎዳል። ግራጫ ፈረሶች ደግሞ 15 ዓመት ካለፋቸው በኋላ አብዛኞቹ ጥቁር እባጭ ያወጣሉ፣ ብዙውን ጊዜም ከጭራቸው ሥር፤ ጭራ የሚያጥብ ሰው ቀድሞ ያየዋል።

እንግዲህ የጋጣው ወለል በድንጋይና በአሸዋ ከፍ ይበል፣ ሽንቱ እንዲወርድም ወደ አንድ ወገን ያዘንብል። ፋንድያው ጠዋትና ማታ ይነሣ። ከአጠና ተራ ዙሪያ የእንጨት ሥራ ቤቶች ሰጋቱራ አምጥታችሁ ጎዝጉዙለት፤ የደቀቀው አቧራ ነው፣ ሻካራውን ምረጡ። ጭራውን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡና ደህና አድርጋችሁ አለቅልቁት፤ እርጥቡን አታበጥሩ፣ ሲደርቅ ከጫፍ ጀምራችሁ በጣት ፍቱት። ቅቤ አትቀቡት፤ የጥርን አቧራ ይሰበስባል። ቢጫ ጫፉን በመቀስ ቁረጡት፤ የተቆረጠውን ግን ለማሲንቆ መቺው ጎረቤታችን አትስጡ፣ ያችኑ አንዷን ዘፈን እንደገና ይጀምርባችኋል። ለዘንድሮ ጥምቀት ግማሹ ቢነጣ ነው።

ለአሸዋውና ለሰጋቱራው የሚሆን ገንዘብ በእትዬ ስም ልኬያለሁ፤ በጋሼ ስም ብልከው ሻምፑ ይገዙበታል።