ወንበሩ በሰላም አድሯል

የእንግሊዝ የቤት አስተዳደሮች ያሳዝኑኛል። አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ባለባትሪ ስኩተሮቻቸውን በሕዝብ መኖሪያ ሕንፃዎች ኮሪደር ላይ እያቆሙ፣ እዚያው ሶኬት ላይ ሰክተው እያሳደሩ፣ «እሳት ቢነሳ ሰው በየት ይወጣል?» እየተባለ ስንት ዓመት አጨቃጨቋቸው። አንዳንዱማ ቻርጅ ማድረጊያ ያለው መጠለያ ግቢ ውስጥ እስከ መሥራት ደርሷል። ምነው እኛን ቢያማክሩን!

እኛ ነገሩን ከሥሩ ጨርሰነዋል። አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪ፣ ጌዶ ሂዱና ኮሪደር የዘጋ ዊልቸር ካገኛችሁ ቅጡኝ። ኮሪደር የለማ! ባትሪው እሳት እንዳያስነሳም አያሳስብም፤ መብራቱ በየጊዜው እየጠፋ ይጠብቀናል።

ዋናው ጥበባችን ግን ያለው የበሩ ደፍ ላይ ነው። በአዋጅ 47/1967 ትርፍ ተብለው ከተወረሱት ቤቶች አንዱን፣ ከአምቦ አስፋልት ገባ ብሎ ያለ የቀበሌ ቤት እናስብ። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ክፍሉ አንድ። መንገዱ በተሠራ ቁጥር ከፍ አለ፤ የክረምቱ ጎርፍ እንዳይገባ ደፉም አብሮ ከፍ አለ። በመንገዱና በበሩ መካከል ክዳን የሌለው ቦይ አለ፤ በላዩ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ተጋድሟል። ተከራዩ ኦቦ በእጅ የሚዘወር ባለሦስት ጎማ ብስክሌት አላቸው። ውጭ ካደረ ጠዋት ጎማው አይገኝም፤ ስለዚህ ሲመሽ ይገባል። ኦቦ መጀመሪያ መሬት ወርደው በእጃቸው እየተሳቡ ደፉን ይሻገራሉ። ቀጥሎ የጎረቤት ልጅ ይጠራል። ብስክሌቱ በጎኑ ተጋድሞ፣ በእጀታው መቃኑን እየላጠ ይገባል። አልጋው ወደ ግድግዳ ይጠጋል፤ የከሰል ምድጃው አልጋ ሥር ይገባል። ባለቤታቸው አዴ ሌሊት ደጅ ልውጣ ብለው ሲነሱ ጉልበታቸው መጀመሪያ የሚያገኘው የብስክሌቱን ብረት ነው። እንዲህ ያለ ጥበቃ ባንክም የለው! ጠዋት ልጁ ትምህርት ቤት ከሄደማ ብስክሌቱ ያደረበት ቦታ በሰላም ይውላል። ኦቦም አብረውት ይውላሉ።

ሕግ የለም እንዳትሉ። ገና በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ 624 በአንቀጽ 36 በዊልቸር የሚሄዱትንም ሆነ ደረጃ መውጣት የማይችሉትን አስቦ መግቢያ እንዲዘጋጅላቸው ደንግጓል፤ መጸዳጃ ቤቱንም አልረሳም። ዓለም አቀፉን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ2002 አጽድቀናል። ብቻ አንቀጹ ያወራው ስለ ሕዝብ መገልገያ ሕንፃ መሆኑን ልብ በሉ። ስብሰባ አዳራሽ መግባት መብትዎ ነው። ከቤትዎ እንዴት እንደሚወጡ ግን የግል ጉዳይዎ ስለሆነ መንግሥት እጁን አያስገባም፤ ቤቱ የመንግሥት ቢሆንም።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ደግሞ ሌላ ወግ አላቸው። በቅርብ ዓመታት ዕጣዎች ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ተይዟል፤ ይመስገን። ሊፍት የሌለው ባለአራት ፎቅ ብሎክ ግን ዕጣ ስለወጣ ዝቅ አይልም፤ መንገድ ዳር ያለው ምድር ወለል ደግሞ በጨረታ ለሱቅ ይሄዳል። ቢሆንም ንድፉን የሠሩትን ባለሙያዎች አላማም። በየሳይቱ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት አስበዋል። የፋሲካ በግ ግቢው ውስጥ የራሱ ስፍራ ተለይቶለታል፤ ዊልቸሩ ግን በደረጃው ሥር ይሞክር። እዚያም የከሰል ጆንያ፣ የውሃ በርሜልና የተሰበረ ሶፋ ቀድመውታል። እነሱን ማንም ምንም አይላቸውም። ዊልቸሩ በተጠጋ ማግስት ግን ጎረቤቱ ሁሉ ሕግ አዋቂ ይሆናል፦ «ይሄ እኮ የጋራ መጠቀሚያ ነው!»

ወደ አምቦ እንመለስ። ዕድሩ ዕቃ ቤት አለው። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚው፣ የሻይ ብርጭቆው ሳይቀር ተቆጥሮ ተቆልፎበታል፤ የሰበረ ይቀጣል። ለኦቦ ብስክሌት አንድ ጥግ ይለቀቅ ቢባል ደንቡ አይፈቅድም፤ ዕቃ ቤቱ ለቀብርና ለለቅሶ ነዋ። ትንሽ ይታገሡ።

ከሁሉም የሚበልጠው ማስቀመጫ ግን የመንግሥት ቢሮ ንብረት ክፍል ነው። ዊልቸር በእርዳታ ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። በሞዴል 22 ወጪ እስኪሆን ግን ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ የርክክቡ ቀን አልተቆረጠም፤ ባነሩ አልታተመም። ወንበሩ ፕላስቲኩን ሳያወልቅ ይጠብቃል። ዝናብ አይነካው፣ ኮብልስቶን አያነጥረው፣ ሌባ አያየው። ኦዲተር ቢመጣ አንድም አልጎደለም። ቀኑ ሲደርስ ተረካቢዎች በሰው ጀርባ ታዝለው ይመጣሉ፤ ንግግር ይደረጋል፤ ፎቶ ይነሳል። የት ታሳድሩታላችሁ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም፤ ፕሮግራሙ ላይ የለማ።

ኦቦ ግን አርፈው አልተቀመጡም። ደፉ ላይ በሲሚንቶ ተዳፋት ልሥራ ብለው አመለከቱ እንበል። መልሱን የቀበሌ ቤት ተከራይ ሁሉ ያውቀዋል፦ በመንግሥት ቤት ላይ መጨመር ቅጥያ ነው፣ ቅጥያ ሕገ ወጥ ግንባታ ነው፣ ደግሞም የመንገድ ወሰን ይነካል። አጠገባቸው ያለው ካፌ በረንዳውን በሴራሚክ አስጊጦ እስከ አስፋልቱ አፍ ያወጣው እንደሆነ ልማት ነው፤ እሱን ከዚህ ጋር አናገናኝም። ከብዙ ምልልስ በኋላ ኮሚቴው አዘነና ጠዋት የሚዘረጋ፣ ማታ የሚነሳ ጣውላ ፈቀደ። ጣውላ ውጭ ካደረ ለማገዶ ይሄዳል። ቤት እንዳይገባ ብስክሌቱ አለ። የት ይደር የሚለው አጀንዳ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተይዟል።