ፎጣ ስለ መወርወር፦ ከሚሴን መነሻ ያደረገ ጥናት

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተስፋ ሲቆርጥ «ፎጣዬን ወረወርኩ» ይላል። ነገሩ ከቦክስ የመጣ ነው፤ አሠልጣኙ ፎጣ ወደ ሜዳው ሲጥል «በቃ፣ ልጄን አትግደሉብኝ» ማለቱ ነው። በፈረንጆች 19ኛው ክፍለ ዘመን ይወረወር የነበረው ስፖንጅ ነው፤ ፎጣው ኋላ በቦታው ተተካ። በፈረንጆች 1938 ኒው ዮርክ ላይ ቦክሰኛው ጆ ሉዊስ ጀርመናዊውን ማክስ ሽሜሊንግን ገና በመጀመሪያው ዙር ሲያደባየው ከጀርመኑ ወገን ፎጣ ተወረወረ፤ ዳኛው ግን አንስቶ መልሶ ወረወረው። ፎጣም ይግባኝ ይባልበታል ማለት ነው።

ይህ አባባል ወደ ወሎዋ ከተማ ከሚሴ ቢመጣ ይለምድ ይሆን? አይለምድም። በከሚሴው ጨፋ ሜዳ ሙቀት ትከሻ ላይ ያለ ፎጣ ላብ ይጠርጋል፣ ለፀሐይ ይጠመጠማል፣ ለሶላት ይነጠፋል፣ የጫት እስር ይጠቀለልበታል። ይህን ሁሉ የሚሠራ ዕቃ ለሽንፈት ብሎ የሚጥል ሰው የለም። ወገብ ላይ ያለው ሽርጥማ ከተወረወረ ፍልሚያው ወዲያው ያበቃል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

ታዲያ እዚህ ሽንፈት የሚታወጀው በምንድን ነው? ለዚህ የሻይ ሒሳብ ፍልሚያን እንይ። በመጀመሪያው ዙር ሁለት እጆች እኩል ኪስ ይገባሉ። በሁለተኛው አንዱ የሌላውን እጅ አንቆ ይይዛል፤ ብሩ ወደ ባለቤቱ ኪስ በግድ ይመለሳል፣ ሸሚዝም ይቀደዳል። በሦስተኛው ከባዱ ቡጢ ይሰነዘራል፦ «ወላሂ አትከፍልም!» ሌላውም እኩል ከማለ ከሁለት አንዱ መሐላ መፍረሱ ነው። ዳኛው አስተናጋጁ ነው፤ የሚፈርደውም ዝርዝር ለያዘው ነው።

በዝረራ የሚያሸንፍ ግን እጅ ለእጅ አይያያዝም። «እጄን ልታጠብ» ብሎ ይነሣል፤ በዚያው ባንኮኒው ጋ ከፍሎ ይመለሳል። የቦክስ አሸናፊ ቦርሳውን ሞልቶ ይሄዳል፤ የከሚሴው አሸናፊ አራግፎ። ተሸናፊው ደግሞ ጠግቦ «እሺ፣ ነገ የኔ ነው» ይላል፤ ፎጣው ትከሻው ላይ እንዳለ።

ኪሳቸውን ለማግኘት ዓመት ስለሚፈጅባቸው ተፋላሚዎች ሌላ ምዕራፍ አቅጄ ነበር። የአጎቴ ልጅ አንብቦ «ይህማ የሕይወት ታሪክህ ነው» ስላለኝ ትቼዋለሁ። ትናንት ላሸንፈው ቆርጬ እጄን ልታጠብ ተነሣሁ። እሱ እጁን እያራገፈ ከባንኮኒው ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን።