እስቲ አንቺ ንገሪልኝ

የጎረምሳ ወላጅ የሚደውልልኝ ነገሩ ከከረረ በኋላ ነው። የመኝታ ቤት በር ተገንጥሎ፣ ስልክ ከግድግዳ ጋር ተላትሞ፣ ልጅቷ አክስቷ ቤት ገብታ «አልመለስም» ካለች በኋላ። የመጀመሪያው ጥያቄም ሁሌ አንድ ነው፦ «በስንት ቀን ይስተካከላል?» ቴሌቪዥን ሠሪ የጠሩ ይመስል። አሥራ አምስት ዓመት የተጠራቀመ ኩርፊያ በሁለት ቀጠሮ እንዲነቀልላቸው ይፈልጋሉ፤ ቢቻል ደግሞ ከግማሽ ዓመቱ ፈተና በፊት።

ሥራዬ በዙምና በቴሌግራም የአፍላ ወጣቶችን ወላጆች ማገዝ ነው። ኮች ይሉታል። ደንበኛዬ ወላጁ እንጂ ልጁ አይደለም። ይህንን መጀመሪያውኑ እናገራለሁ፣ በጽሑፍም እልካለሁ፤ «እሺ እህቴ» የሚል መልስ ከአውራ ጣት ጋር ይመጣልኛል። ቀጠሮው ደርሶ ካሜራው ሲከፈት ግን የማገኘው አንዲት አሥራ አራት ዓመት የሚሆናትን ልጅ ነው፤ ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ አቀርቅራ፣ የሹራቧን እጅጌ እያኘከች። ከኋላዋ የእናት ድምፅ፦ «አናግሪያት፣ ዶክተሯ ናት!» ዶክተር አይደለሁም። «ደህና ነሽ?» እላለሁ። «ደህና ነኝ።» «ትምህርት እንዴት ነው?» «ደህና ነው።» እናትየው ከጓዳ፦ «ውሸቷን ነው!» ልጅቷም እኔም እኩል እናፍራለን።

«እስቲ አንቺ ንገሪልኝ» ይሉኛል። ምኑን ልንገራት? እናቷ የነገረቻትን ሁሉ በቃሏ ትወጣዋለች። እኔ ላግዝ የምችለው እናትየው መቼና እንዴት እንደምትናገር፣ የቱን አይታ እንዳላየች እንደምታልፍ፣ የቱ ላይ እንደማትነቃነቅ ነው። ይህንን ስል ግን ፊት ይጠቁራል። «ታዲያ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ማለት ነው?» አላልኩም። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ አለማለቴን በማስረዳት ያልቃል።

ጊዜውም ጊዜ ከሆነ ነው። ነጻው ዙም 40ኛው ደቂቃ ላይ ይዘጋል፤ የኛ ሰው ደግሞ ወደ ጉዳዩ የሚገባው 38ኛው ላይ ነው። ሰላምታ አለ፣ የቤተሰብ ጤና አለ፣ የዘይት ዋጋ አለ፣ ኔትወርክ ሄዶ ሲመጣ «ትሰሚኛለሽ?» «እሰማሻለሁ፣ አንቺስ?» አለ። ቀጥሎ የልጁ ጥፋት ከነቀኑ ይዘረዘራል። ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ድምፅ ዝቅ ይላል፦ «እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽና፣ አባቱ ቤት ማደር ከተወ ቆየ...» ጭጭ። ስክሪኑ ጠቆረ። ዋናው ነገር እዚያ ቀረ። የሚከፈልበትን ግዢ ይሉኛል፤ ክፍያው በዶላር ነው፣ ብር ደግሞ ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር የሚባል ነገር ስሰማ ያመኛል።

አባቶችን ካሜራ ላይ ማየት ብርቅ ነው። ቤት መኖራቸውን የማውቀው ሲስሉ ነው። እናትየው ስታወራ ከጎን የኳስ ድምፅ ይሰማል፣ የብርጭቆ ኮሽታ ይሰማል፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሳይጠሩ ይገባሉ፦ «እኛ በበርበሬ ታጥነን፣ በቀበቶ ተገርፈን አደግን፤ ምን ሆንን?» ምን እንደሆኑ እንኳ ሚስታቸው ያለፉትን ሠላሳ ደቂቃዎች ስትነግረኝ ነበር፤ ግን አልልም። «ጋሼ፣ እስቲ ወደ ካሜራው ይምጡ» እላለሁ። «እኔማ ምን አለኝ፣ እናንተው ጨርሱት።» ለእሳቸው ዓለም ላይ ያሉት ሁለት ዓይነት ወላጆች ናቸው፦ የገረፈና ያሞላቀቀ። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳያና ባምሪንድ በ1960ዎቹ ሦስተኛውን ዓይነት፣ ደንብ አውጥቶ የማይላላውን ግን ምክንያቱን የሚያስረዳና የሚያዳምጠውን፣ ለይታ ጽፋለች። ይህንን ስነግራቸው «ያ የፈረንጅ ነው» ይላሉ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ይደነግጋል። እሱስ የማን ሊባል ነው?

«አንቺ ራስሽ ልጅ አለሽ?» የምትለዋንም አትርሱብኝ። አለኝ ካልኩ «የራስሽን ይዘሽ ነው?»፤ የለኝም ካልኩ «ታዲያ ምን ታውቂያለሽ?»። ስለዚህ ድሮውንም መልስ የለውም፤ «ወደ ቀጠሯችን እንመለስ» እላለሁ።

ከሁሉ የሚሰለቸኝ የስልኩ ነገር ነው። እናትና አባት ጸብ ሁሉ ከስልክ የመጣ ይመስላቸዋል፤ ስልኩን እየነካኩ ነው ይህን የሚሉኝ። አንዷ እናት ልጇ ቲክቶክ ላይ በቀን የ60 ደቂቃ ገደብ እንዳለበት በኩራት ነገረችኝ። ቲክቶክ ይህንን ገደብ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ያወጣው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ነገር ግን ልጁ 13 ከሞላው ሰዓቱ ሲደርስ ኮድ የሚያስገባው ራሱ ነው፤ አስገብቶ ይቀጥላል። ደግሞስ የልጆቻችን አካውንት ስንቱ እውነተኛ ዕድሜ አለው? ስምንተኛ ክፍል ያለ ልጅ ቲክቶክ ላይ የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነው። «ዝጊልኝ» ይሉኛል፣ እኔ ቴሌ የምሠራ ይመስል። መዘጋቱንማ አይተነዋል፤ በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምም ቲክቶክም ፌስቡክም ዩቲዩብም ሲታገዱ ቪፒኤን ለወላጆቻቸው የጫኑት እነዚሁ ልጆች ናቸው። አሁን ደግሞ አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ላሉት ማኅበራዊ ሚዲያ መከልከሏን የሰማ ሁሉ «አየሽ፣ እነሱ እንኳ!» እያለ ይጽፍልኛል፤ እገዳው ታኅሣሥ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ያልላከልኝ ዘመድ የለም።

እንቅልፉም እንዲሁ ነው። «እስከ አራት ሰዓት ይተኛል፣ ሰነፍ!» በዚህ ዕድሜ ሰውነት የእንቅልፍ ሆርሞኑን የሚለቀው ዘግይቶ ነው፤ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ ሐኪሞች የሚመክሩት ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው። ትምህርት ቤት ሁለት ሰዓት ይገባል፣ ሰርቪስ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በር ላይ ያንጎራጉራል፣ ማታ አስጠኚ አለ። እና ቅዳሜ ቢተኛ ምን ይገርማል? «አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ለእነሱ ነሽ» ይሉኛል። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ያለበት ቤትማ አይነገርም። የ2014 ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ ወላጁ ሁሉ ድንጋጤውን ልጁ ላይ ያራግፋል፤ የልጁን እኔ ላይ።

አሜሪካ ያሉት ደንበኞቼ ሌላ ጣጣ ናቸው። «ማታ በ9 ሰዓት» ትለኛለች ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው። በማን ሰዓት? በእነሱ ከሆነ ለኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። በጥቅምት መጨረሻ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ 11 ይሆናል፤ እኔ በ10 ተነስቼ ፊቴን ታጥቤ ባዶ ስክሪን ላይ አፈጣለሁ። ከገባች በኋላም በሹክሹክታ ነው የምታወራው፤ ልጁ ከሰማት ይኮርፋታል፣ ከተቆጣችው ደግሞ «911 እደውላለሁ» ይላታል። «በአማርኛ እናገረዋለሁ፣ በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል፤ ግማሹን አልሰማውም» አለችኝ። ስቄ ላልፋት ፈልጌ አልቻልኩም።

ሪያድ ያለችው ቢያንስ በሰዓት አታወዛግበኝም፤ ሰዓታችን አንድ ነው። የምትደውለው ግን ማዳሟ ከተኛች በኋላ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከማዕድ ቤት ነው። ልጇን አያቱ ናቸው ደሴ ላይ የሚያሳድጉት። ሰብስባ የላከችለት ስልክ ነው አሁን ከእሷ ጋር ላለማውራት ሰበብ የሆነው፤ ስትደውል «ኦንላይን» ይላል፣ አያነሳም። ለሌላው ወላጅ የምለው ምክር ሁሉ፣ አብራችሁ ራት ብሉ፣ ክፍሉን አንኳኩታችሁ ግቡ፣ ለእሷ አይሆንም። ደግሞ ክፍያ ሳትጠየቅ ቀድማ የምትልከው እሷ ናት። የምናደደው እዚህ ላይ ነው፤ ማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቀውም።

አንድ ነገር ላይ ግን አልቀልድም። ልጁ ለሳምንታት ካልተኛ፣ ምግብ ከተወ፣ «ብሞት ይሻላል» ካለ፣ ያ የኔ ሥራ አይደለም፤ የሐኪም ነው። ይህን ስል ስልኩ ውስጥ ዝምታ ይሆናል። «አማኑኤል ልትዪኝ ነው? አብዷል ልትዪኝ?» የሆስፒታሉ ስም ራሱ በእኛ ዘንድ ስድብ ሆኖ ኖሯል። ጠበል ይወስዱታል። ጠበሉን ይዛችሁ ሐኪሙንም እዩ ብል «እምነት የላትም» ይባላል። የሥነ አእምሮ ሐኪም ያለባቸውን ሌሎች ሆስፒታሎች እየቆጠርኩ እለምናለሁ፤ ሲሄዱ ደግሞ ተደብቀው፣ ለጎረቤት «የጨጓራ ምርመራ» ብለው ነው። መሄዳቸው በቂ ነው፣ የፈለጉትን ይበሉ።

ክፍያውን ልተወው ብዬ ነበር። ምክር ለእኛ ሰው በነጻ የሚገኝ ነገር ነው፤ ሽማግሌ አለ፣ የንስሐ አባት አለ፣ ቡና ላይ የተሰበሰበ ጎረቤት አለ። «አወራን እንጂ ምን ሠራሽ?» ብላ የጠየቀችኝ እናት ከዚያ ቀጠሮ በኋላ አሥር ቮይስ ልካልኛለች፣ እያንዳንዱ «አንዲት ነገር ብቻ» ብሎ የሚጀምር። ቴሌብር ላይ የገባ ገንዘብ ፍለጋ ስልኬን ስከፍት የማገኘው ከስክሪንሾት ጋር «ግማሹን ልኬያለሁ፣ ቀሪው ውጤቱን ካየን በኋላ» የሚል ነው። እንበልና ውጤቱ መጣ። ልጁ ሳይጠራ ራት ላይ መቀመጥ ጀመረ፣ አባቱ ጎን ሆኖ አርሰናልን ማየት ጀመረ። ደውዬ «እንዴት ናችሁ?» ስል፦ «ተመስገን፣ ልጁ ራሱ አድጎ ነው መሰለኝ።» ሊሆን ይችላል፣ አልከራከርም። ግማሹ ሂሳብ ግን እስካሁን አልገባም።