እና ከዚያስ?

ችግሬ የመጽሐፍ ማጣት አይደለም፤ መብዛቱ ነው። የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ካነበብኩ ወዲህ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሱስ ሆኖብኛል። ሱሴን ያወቀ አንድ ወዳጄ 213 ፒዲኤፍ በፍላሽ ሞልቶ ሰጠኝ። በወር አንድ ባነብ አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ይፈጅብኛል። እስከዚያ ወይ ዓይኔ ወይ ፍላሹ ይበላሻል። ስለዚህ መምረጥ ግድ ሆነ።

በዝና ልምረጥ ብል ሁሉም ዝነኛ ነው። በሽፋን ልምረጥ ብል ሁሉም ላይ መንኮራኩር አለ። በመጨረሻ ዳኝነቱን ለእትዬ ሰጠኋቸው። እትዬ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ ባጃጅ ከሚቆምበት ዳር ጀበና ጥደው የሚውሉ ሴት ናቸው። ስኒዬን ይዤ የመጽሐፉን መነሻ አወራላቸዋለሁ። «እና ከዚያስ?» ካሉ አነበዋለሁ፤ ዝም ብለው ከሰላቸውን ካራገቡ አልፈዋለሁ።

ዶርዜ ተወልደው ያደጉ ናቸውና በቀላሉ የሚደነቁ ሰው አይደሉም። የዶርዜ የቀርከሃ ቤት መልኩ የዝሆን ፊት ነው። ምስጥ ከሥሩ በበላው ቁጥር ቁመቱ ያጥራል፤ ሲያስፈልግም ሰው ተረባርቦ ተሸክሞት ሌላ ቦታ ይተክለዋል። በሚያጥርና በሚጓዝ ቤት ውስጥ ላደገ ሰው ሮቦት ምኑ ነው?

በኤች ጂ ዌልስ ጀመርኩ። «የጊዜ ማሽን» የታተመው በ1895 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዓድዋ ክተት ሊታወጅ ወራት ሲቀሩት።

«ሰውየው ማሽኑ ላይ ወጥቶ ስምንት መቶ ሺህ ዓመት ወደፊት ይሄዳል» አልኳቸው።

«የነገ ከሰል ሳይገዛ ምን አጣደፈው?» ብለው ማራገቢያቸውን አነሱ።

የዚያኑ ሰው «የዓለማት ጦርነት» አመጣሁ። የማርስ ፍጡራን እንግሊዝን ይወራሉ፤ መድፍ ያልመለሳቸው በመጨረሻ በጀርም ያልቃሉ። እትዬ ለእንግሊዞቹ ከልባቸው አዘኑ። «ምነው፣ ሽማግሌ የላቸውም እንዴ?» አሉ። ቀልድ አይምሰላችሁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የወጣውን ወጣት የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው፣ ፊቱ ተንበርክከው መልሰውታል። ማርሳውያኑ እዚሁ ሴቻ ሠፈር ቢያርፉ ኖሮ ጀርም ሳይደርስባቸው ሽማግሌ ይደርስላቸው ነበር።

ተስፋ ሳልቆርጥ የፍራንክ ኸርበርትን «ዱን» ያዝኩ። ውሃ ከምንም በላይ የሚወደድበት፣ ሰው የገዛ ላቡን አጣርቶ የሚያጠጣ ልብስ የሚለብስበት የአሸዋ ፕላኔት ነው። እትዬ ዞር ብለው ከኋላቸው የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖች አዩ።

«የከተማችን ስም ማነው?»

«አርባ ምንጭ።»

«ታዲያ ስለ እኔ ሲጽፍ ለምን አላስፈቀደኝም?»

የዡል ቬርንን ባሕር ሰርጓጅ መርከብም አልማሩትም። «ከውሃ ሥር ጉድ ማየት ያማረው ጫሞ ይሂድ» አሉ። «የአዞ ገበያ የሚባለው ቦታ ድረስ ጀልባ ይከራይ። ገበያ ይሉታል እንጂ የሚሸጥ ነገር የለበትም፤ ምናልባት የሚሄደው ሰውዬ ራሱ ካልሆነ።»

ነገሩ የተገለበጠው ሳላስበው ነው። አንድ ቀን የማወራው መጽሐፍ ቢያጥረኝ የሠፈራችንን ጉድ አነሳሁ። በ1990 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ መንገድ ላይ የሞተ የሌሊት ወፍ መሳይ... የለም፣ የሌሊት ወፍ አይደለም፤ ማታ ማታ የሚበር እውነተኛ ወፍ አገኙ። ይዘውት የሄዱት አንድ ክንፉን ብቻ ነው። ያቺን ክንፍ መርምረው ከሚታወቁት ሁሉ የተለየ ዝርያ ነው አሉና በ1995 ስም አወጡለት። የላቲን ስሙ ትርጉምም «ክንፍ ብቻ» እንደማለት ነው።

ማራገቢያው ቆመ። ጀበናው ገነፈለ። «እና ከዚያስ?» አሉ እትዬ። «ወፉ የታለ?»

ያን ያህል መንኮራኩር ያላመጣትን ጥያቄ አንዲት ክንፍ አመጣቻት። ለካ ስመርጥ የኖርኩት በጉዱ ብዛት ነው። ጉድማ እዚህም ሞልቷል፤ ዳቦ አይገዛም። ጥሩ መጽሐፍ ክንፏን አሳይቶ ወፏን እንድንፈልግ የሚያደርግ ነው።

ከዚያ በኋላ ምርጫው ቀለለኝ። የኔዲ ኦኮራፎርን «ቢንቲ» ነገርኳቸው፦ አፍሪካዊት ልጅ ሌላ ፕላኔት ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳታል፤ ቤተሰቧን ሳታስፈቅድ ሌሊት ሹልክ ብላ ትወጣለች። ልጃቸው ሩቅ ክልል የተመደበችባቸው እትዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እና ከዚያስ? እናትየዋስ?» ቢንቲ ፈተናውን አለፈች።

ቀጥዬ ከታላቅ ወንድሜ የተዋስኩትን የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» አነሳሁ። ሳይንሳዊ ነው የሚለው ባይኖርም፣ እናቱ ማኅፀን ውስጥ ሆኖ አልወለድም ብሎ የሚሟገት ልጅ ከማርስ ሰው አያንስም ብዬ ነው። እትዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ብልህ ልጅ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እና ከዚያስ? ተወለደ?»

«ገና አልጨረስኩትም፣ እትዬ።»

ከሰኞ ጀምሮ ዱቤዬ ተዘግቷል፤ የሚከፈተው መጨረሻውን ይዤ ስመጣ ነው። ፍላሹ ወረፋ ይጠብቅ።